ጮቄ ላይ ብወጣ የዋልታውን ብርሃን አየዋለሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ወንድሜ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ይኖራል። ሰማዩ አረንጓዴ ሆኖ ሲወዛወዝ በቪዲዮ እየደወለ አሳየኝ። የገረመኝ ግን "ከአንድ ሰዓት በኋላ ይወጣል" ብሎኝ እውነትም መውጣቱ ነው። ስልኩ ላይ ቀለበት የመሰለ ካርታ አለው። ማን አይቶ ነው የሚነግረው? እኔስ ጮቄ ጫፍ ላይ ብወጣ አየዋለሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ ያ ካርታ ፎቶ አይደለም። ግምት ነው።

ኦሮራ የሚባለው ይህ ብርሃን የሚፈጠረው ኤሌክትሮኖች በምድር መግነጢስ መስመር ተመርተው ወደ ዋልታዎቹ ሲወርዱና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ካለው አየር ጋር ሲጋጩ ነው። አረንጓዴው የኦክስጅን ነው። ኖአ የሚባለው የአሜሪካ የአየር ጠባይና የውቅያኖስ መሥሪያ ቤት ሳተላይቶች እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነው ዋልታውን ሲያቋርጡ ይለኩ የነበረው ብርሃኑን ሳይሆን የሚወርዱትን ቅንጣቶች ኃይል ነው። አንዱ ማቋረጥ 25 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር።

ታዲያ ሳተላይቱ ይለካ የነበረው ያለፈበትን መስመር ብቻ ነው። የቀረውስ? እኔን የሚጥመኝ ይሄ ነው። የጎጃም ገበሬ የጤፍ ማሳውን አንዴ ሰንጥቆ ካለፈ ዘንድሮ ስንት ኩንታል እንደሚያገኝ ይነግርዎታል፣ ማሳውን ስንት ዓመት ያውቀዋላ! ሳይንቲስቶቹም ከ100,000 በላይ ማቋረጦች የቀለበቱን ቅርጽ ስላወቁ፣ አዲሱን ልኬት ከዚያ ጋር አስተያይተው በመላው ዋልታ ላይ የሚወርደውን ኃይል በጊጋዋት (በቢሊዮን ዋት) ይገምቱና ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጡት ነበር። ደረጃው ሲጨምር ቀለበቱ ይደምቃል፣ ወደ ምድር ወገብም ይሰፋል። ሳተላይቱ ዳሩን ብቻ ነክቶ ካለፈ ግን ግምቱ ብዙም አያስተማምንም ነበር።

የአሁኖቹ የስልክ ካርታዎች ግን በአብዛኛው በሌላ ልኬት ላይ ይመሠረታሉ። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው፣ በፀሐይ በኩል የቆሙ ሳተላይቶች የፀሐይን ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ እየፈሰሰ ኦሮራውን የሚቀሰቅሰውን የቅንጣቶች ጎርፍ፣ ቀድመው ይለኩታል። እኛ ጋ እስኪደርስ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ወንድምዎ ቀድሞ ያወቀው በዚህ ነው።

ጮቄን በተመለከተ፣ አይታይም። ከ4,000 ሜትር በላይ ቢሆንም ቁመቱ አይረዳም። አገራችን ያለችው መግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ነው፤ መስመሮቹ እዚህ አግድም ስለሚተኙ ቅንጣቶቹን ወደ እኛ አያወርዱም። በግንቦት 2016 ከፀሐይ በመጣው ከባድ መግነጢሳዊ ማዕበል ብርሃኑ ሜክሲኮ ድረስ ታይቷል፣ እኛ ጋ ግን አልደረሰም።

ያም ሆኖ ሰማያችን ባዶ አይደለም። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ቀን ቀን፣ በዓይን የማይታይ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት በዚሁ ወገብ ላይ ይፈስሳል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ ሰማይ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ፤ ወደዚያ ብቅ ካሉ ይጠይቋቸው።