አርዲቲው «የለም» ብሎ ስላይዱ ለምን «ወባ ነው» አለ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድምሽ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ተመልሶ ባሕር ዳር እንደገባ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለው ጀመር። መጀመሪያ በሄዳችሁበት ቦታ ጣቱን ወግተው በአርዲቲ፣ ማለትም በፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ኪት፣ አዩትና «ወባ የለም» አሏችሁ። በማግስቱ ሲብስበት ሌላ ቦታ ወሰዳችሁት። እዚያ በስላይድ፣ ማለትም ደሙ መስተዋት ላይ ተደርጎ በማይክሮስኮፕ፣ ታየና ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ተገኘበት። «ከሁለቱ ማን ነው የዋሸን?» ነው ያልሽው።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወባ የማናይበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ሁለቱም ያዩትን በትክክል ነግረዋችሁ ሊሆን ይችላል። ማንም ላይ ከመፍረድሽ በፊት ምርመራዎቹ ምን እንደሚያዩ ልንገርሽ።

አርዲቲ ፓራሳይቱን፣ ማለትም የወባውን ተውሳክ፣ ራሱን አያይም። በብዛት ሲሠራበት የኖረው ዓይነት የሚፈልገው ፋልሲፓረም ወደ ደም የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ካለ መስመር ይወጣል፣ ከሌለ አይወጣም። ለዓመታት በጣም ጠቅሞናል። መብራትም ማይክሮስኮፕም በሌለበት ገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሩብ ሰዓት ገደማ ውጤት የምትሰጠው በእሱ ነው።

አሁን ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው ፋልሲፓረሞች መጥተዋል። ትኩሳቱ ያው ነው፣ አደጋውም ያው ነው፤ መስመሩ ግን አይወጣም። ነገሩ መጀመሪያ በግልጽ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ የአማዞን አካባቢ ነው። ከዓመታት በኋላ ኤርትራ ውስጥ በብዛት ተገኘ። ከዚያ ወደ እኛ።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሠሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በምንዋሰንባቸው አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን አሳትፈዋል። ግምታቸው፣ በዚህ የጂን መጥፋት ምክንያት ብቻ በኤችአርፒ2 የሚሠራው አርዲቲ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶውን ያመልጠዋል የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ 5 በመቶ ሲያልፍ ወደ ሌላ ዓይነት ምርመራ መቀየር አለበት ይላል። ወንድምሽ የሠራበትን አገር አስቢው እንግዲህ። መተማ የሱዳን ድንበር ነው።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ግን ከቁጥሩ በላይ ምክንያቱ ነው። አርዲቲ የሚያየው ፓራሳይት ይታከማል፣ ይጠፋል። የማያየው ሳይታከም ሰውየው ደም ውስጥ ይቆያል፤ ትንኝ ትነክሰዋለች፣ ወደ ሌላ ሰው ታሻግረዋለች። ማለትም ምርመራችን ራሱ ለሚደበቀው መንገድ ጠረገለት። ጥናቱ የጂን ቅደም ተከተሉን አይቶ ይህ ዓይነቱ ፓራሳይት በቅርብ ጊዜ እንዲህ ባለ ግፊት እንደተስፋፋ አሳይቷል። እኛ አገር በምርመራ ማከም ግዴታ ነው፤ ልክም ነው። ስለዚህ ኪቱ ይቀየር እንጂ ምርመራው አይቅር።

ስላይድ ይህ ችግር የለበትም፤ በዓይን የሚታየው ፓራሳይቱ ራሱ ነውና። ግን እሱም ሰው ይፈልጋል። የደሙን ጠብታ መስተዋቱ ላይ በክብ አድርገን እንዘረጋለን፣ በደንብ እስኪደርቅ እንጠብቃለን። በዝናብ ወቅት፣ በተለይ ሐይቁ ዳር፣ ቶሎ አይደርቅም። ካልተከደነ ደግሞ ዝንብ ይልሰዋል። ከዚያ ጊምሳ በሚባል ማቅለሚያ ይቀለማል፣ በቀስታ ይታጠባል፣ በዘይት ሌንስ ይታያል። የምንፈልገው ቀይ ነጥብ ያለው ሰማያዊ ቀለበት ነው። «የለም» ለማለት ቢያንስ መቶ የእይታ መስክ መታየት አለበት። ወረፋው በር ድረስ ሲደርስ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ምስጋና ይገባዋል። በችኮላ የታየ ስላይድም ያመልጠዋልና፣ ስላይድ ሁልጊዜ ትክክል ነው ብለሽ እንዳትይዢው።

ደግሞ ወንድምሽን የያዘው ያ ጂን የጠፋበት ዓይነት ነው ብዬ መናገር አልችልም። ያ የሚታወቀው ጂኑን ራሱን በሚያይ የሞለኪውላር ምርመራ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፓራሳይቱ ገና ጥቂት ከነበረ አርዲቲ ላያገኘው ይችላል። ኪቱ ሙቀት ቦታ ተቀምጦ ከከረመም ይበላሻል። ውጤቱ ከሰዓቱ ቀድሞ ተነቦም ሊሆን ይችላል።

ከእናንተ የሚጠበቀው ይህ ነው። ሰው ትኩሳት ይዞት ስትሄዱ ከየት እንደመጣ ሳትጠየቁ ተናገሩ፦ መተማ፣ ቋራ፣ ደንቢያ፣ ፎገራ፣ የትም ይሁን። አርዲቲ «የለም» ብሎ ትኩሳቱ ከቀጠለ «ቢኤፍ ይሠራልን» በሉ፤ ስላይዱን ማለት ነው፤ መብታችሁ ነው። ኪቱ የትኛውን ፕሮቲን እንደሚያይ መጠየቅም አያሳፍርም። ኤልዲኤች የሚባለውን የሚያዩ አሉ፤ በፋልሲፓረም መስመራቸው ኤልዲኤችን የሚያዩት በዚህ የጂን መጥፋት አይታለሉም። ፋርማሲ ሄዶ በግምት መድኃኒት መግዛት ግን ይቅር። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም።

አሁን ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ተጀምሮለት ከሆነ ሦስቱን ቀን ሙሉውን ይጨርስ። በባዶ ሆድ አይዋጥ፤ ወተት ወይም ቅባት ያለው ምግብ አብሮ ከወሰደ መድኃኒቱ በደንብ ይሠራል። መድኃኒቱን ጨርሶ ትኩሳቱ ቢመለስበት ዳነ ወይስ አልዳነም የሚለውን በኤችአርፒ2 አርዲቲ አታረጋግጡ። ፕሮቲኑ ከዳነም በኋላ ለሳምንታት ደም ውስጥ ስለሚቆይ ያለ ወባ «አለ» ሊል ይችላል። ስላይድ ይታይለት። ምግብም መድኃኒትም አልረጋ ካለው፣ ከቃዠ፣ እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው ወይም መቆም ካቃተው ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል አድርሱት፤ በመርፌ የሚሰጥ ሕክምና ያስፈልገዋል።

የስላይዱ ውጤት ወረቀት ላይ የፓራሳይቱ መጠን ተጽፎ ከሆነ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። እግዚአብሔር ይማረው።