«ገመናችንን ለፈረንጅ?» ለድሬ ልጆች ስለ ስኮላርሺፕ

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በሬ ግን አሁንም ይንኳኳል። ከዚራ ያለችው ቤቴ በረንዳ ላይ አንዲት አሮጌ ጠረጴዛ አለች። አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አንዱ ፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል። ፌስታሉ ውስጥ የታጠፈ ትራንስክሪፕት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ አንዳንዴም የእናቱ መታወቂያ አለ።

«ቲቸር፣ ስኮላርሺፕ ልሞላ ነበር።»

«መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ነገ።»

34 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ለስንት ልጅ የድጋፍ ደብዳቤ እንደጻፍኩ ቆጥሬ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ታዝቤያለሁ። ጎበዞቹን ልጆቼን ብዙ ጊዜ የጣላቸው ማርክ አይደለም፤ ወረቀት ነው። አንድ መስመር ሳያነቡ ያልፋሉ፣ አንድ ቀን ይሳሳታሉ፣ አንድ ፊደል ትዛነፍባቸዋለች። በቃ።

እኔንም የጣለኝ ወረቀት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ነበር። ያኔ ነጻ የትምህርት ዕድል የሚመጣው ከሶቭየት ኅብረት፣ ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከኩባ ነው። ስሜ ወጣ። ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ፤ እናቴ ቡና አፈላች። ከዚያ አንዱ ሰርተፍኬቴ ላይ የአባቴ ስም በአንድ መልክ፣ ሌላው ላይ በሌላ መልክ መጻፉ ታየ። «አስተካክለህ ና» ተባልኩ። የሚያስተካክልልኝ መሥሪያ ቤት ፋይሌን ሦስት ሳምንት አጣው። ሲያገኘው ጓደኞቼ ሄደዋል። ዛሬም ከእነሱ ሁለቱ ለቅሶ ቤት ተገናኝተው በራሽያኛ ሲቀላለዱ ፊቴን አዞራለሁ።

ስለዚህ ከስም እጀምራለሁ። መሐመድ የሚለውን ስም ድሬ ውስጥ በእንግሊዝኛ ቢያንስ አራት ዓይነት ተጽፎ አይቻለሁ። አንዱ በኦ፣ አንዱ በዩ፣ አንዱ ኤሙን ደርቦ፣ አንዱ መጨረሻውን በኢ። ለእኛ ያው መሐመድ ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን አራት ሰው ነው። ፓስፖርት ካላችሁ ሌላው ሁሉ በፓስፖርቱ ይሂድ። ከሌላችሁ፣ ከማውጣታችሁ በፊት የትምህርት ቤት ካርዳችሁን፣ የልደት ሰርተፍኬታችሁንና ፋይዳችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ይህን ሥራ አሥረኛ ክፍል ሆናችሁ ጨርሱት። ሪከርድ ክፍል ያሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ግን «ነገ ይዘጋል» እያላችሁ ስትጮሁባቸው እጃቸው አይፈጥንም።

የልደት ቀንም እንደዚሁ ነው። ትራንስክሪፕቱ መስከረም 5 ቀን 1999 ይላል፤ ፓስፖርቱ ሴፕቴምበር 15፣ 2006 ይላል። አንድ ቀን ነው። ፈረንጁ ግን ይህን አያውቅም። የትኛው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ትምህርት ቤቱ በትራንስክሪፕቱ ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

አቆጣጠሩን ካነሣሁት አይቀር፣ አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ የአንድ ኮሌጅ ቀነ ገደብ ጃንዋሪ 1 ነው ሲባል ጥር 1 አድርጋ ያዘችው። ገናን ከቤተሰቧ ጋር በልታ፣ በማግስቱ «ሁለት ቀን አለኝ» ብላ መጣች። ጃንዋሪ 1 ለእኛ ታኅሣሥ 23 ነው። ከተዘጋ ሳምንት ሆኖታል። ልጅቷ እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ አለች። ውኃ ሰጠኋት እንጂ የምላት አልነበረኝም።

ሌላም ጣጣ አለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምትፈተኑት በክረምቱ መግቢያ ነው፤ ውጤቱ አዲስ ዓመት አካባቢ ይደርሳል። የውጭዎቹ ቀነ ገደቦች ግን ብዙዎቹ ከጥቅምት እስከ የካቲት ናቸው። «ውጤቴን ላይና አመለክታለሁ» ያለ ልጅ አንድ ዓመት ቁጭ ይላል ማለት ነው። በ2015 ውጤት ሲወጣ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አስታውሳለሁ፤ ከተማው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር። ያን ዓመት ከዘጠነኛ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ባለው ካርዳቸው ቀድመው ያመለከቱ ልጆች ቢያንስ ሁለት በር ነበራቸው። ደግሞ ብዙ የውጭ ኮሌጅ የሚያየው የአራት ዓመት ካርዳችሁን ነው። ዘጠነኛ ክፍልን የቀለዳችሁ፣ እሱ ላይ ምንም ማድረግ አልችልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ልጅ የአሜሪካ ኮሌጅ ዋጋ ያይና «ይኼማ የኛ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። የሚጻፈው ዋጋ ሌላ፣ የሚከፈለው ሌላ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት የውጭ ተማሪንም ሲቀበሉ መክፈል መቻሉን አያዩም፤ ከተቀበሉት የጎደለውን ይሞላሉ። መግባቱ ግን መርፌ ቀዳዳ ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ገንዘብ መጠየቃችሁን ሲወስኑ ያዩታል። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ሁሉም ግቢው ውስጥ እየሠራ ይማራል። ከውጭ የሚቀበለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁሉን እንቁላል እዚያ አታስቀምጡ። ፋፍሳ የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት እርዳታ ቅጽ ኢንተርኔት ላይ አይታችሁ አትድከሙበት፤ ለአሜሪካ ዜጎችና እዚያ በሕግ ለሚኖሩ አንዳንድ ሰዎች ነው። እናንተን የሚመለከታችሁ ብዙ ጊዜ ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚባለው የቤተሰብ ገቢ መጠየቂያ ወይም ኮሌጁ ራሱ የሚልከው ቅጽ ነው።

እሱ ቅጽ ላይ ነው ጉዱ ያለው።

አንድ ልጅ ነበረኝ። እናቱ አሸዋ አካባቢ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ቅጹ የቤተሰቡን የዓመት ገቢ ይጠይቃል። ልጁ «ባዶ ልተወው?» አለኝ። እናትየዋን ጠራናት። ሻይ ቀዳሁላትና ገቢሽ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ተመስገን ነው፣ እንኖራለን።»

«እሺ፣ በቀን ስንት ሳምቡሳ ይሸጣል?»

«እንደ ቀኑ ነው። ረመዳን ሲሆን እጥፍ ይሆናል። ዝናብ የጣለ ለታ ደግሞ ይዤው እገባለሁ።»

ወረቀት አወጣን። ልጁ ካልኩሌተሩን ያዘ። የሸጠችውን ደመርን። ከዚያ ዱቄቱን፣ ምስሩን፣ ዘይቱን፣ ከሰሉን፣ የቦታውን ኪራይ ቀነስን። ዘይቱ ላይ ስንደርስ «እሱን በየሳምንቱ ነው የሚጨምሩት» አለች። ጨርሰን የቀረውን ስናነብላት ዝም አለች። ራሷ ካሰበችው ያነሰ ነበር። ለዓመታት ስትሠራ እንዲህ ተቀምጣ ቆጥራው አታውቅም።

ከዚያ ተናደደች። «ታዲያ ይኼንን ልትጽፉ ነው? ገመናችንን ለፈረንጅ?»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜ አለ፤ ለአንድ ወር ብር በስሜ ባንክ ያስገባልኛል። እንደ ሰው ጻፉን» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። እኛ አገር ድህነትን መሸፈን ጨዋነት ነው። ለቪዛም ለብድርም ሰው ተበድሮ ባንክ ያስገባና ስቴትመንት ያወጣል። ኮሌጁ ግን ብሩን ሲያይ አድናቆት የለውም። «እነዚህ ይህን ያህል መክፈል ይችላሉ» ብሎ ከእርዳታው ይቀንሳል። የወንድሟ ብር ልጇን ሊጥለው ነበር ማለት ነው። ውሸት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የተሰጠውም ይነሣል። ይህን ሁሉ በቀስታ አስረዳኋት። ደመወዝ ስለሌላት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የለም። ስሌቱን በአንድ ገጽ አሰፈርነው፣ እሷ ፈረመችበት፣ ከወረዳ የገቢ ማስረጃ ጨምረን አያያዝነው። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ «የረመዳኑንም ጻፋችሁት?» አለች። «ጻፍነው።» «በሉ ይሁን።»

ልጁ በዚያ ዓመት አልተሳካለትም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በዚያው ወረቀት፣ ሌላ ኮሌጅ ወሰደው።

አሜሪካ ብቻ አይደለም። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻው በየዓመቱ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ነው፤ በእኛ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 መሆኑ ነው። ማመልከቻው ነጻ ነው። ትምህርቱን፣ ማደሪያውን፣ የወር ኪስ ገንዘቡን፣ የመሄጃና የመመለሻ ቲኬቱን ይችላል፤ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ ያስተምራል። ለዲግሪ ዕድሜያችሁ ከ21 በታች መሆን አለበት፤ ማርክ ቢያንስ 70፣ ሕክምና ከሆነ 90 ይጠይቃል። የጃፓን መንግሥት ደግሞ በኤምባሲው በኩል ይፈትናል፤ ለዲግሪ አንዱን የቋንቋ ዓመት ጨምሮ 5 ዓመት ነው። የሀንጋሪውም ጥሩ ነው፤ ቲኬቱ ግን በራሳችሁ ነው። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚል ስታዩ ምኑ ሙሉ እንደሆነ እስከ ታች አንብቡ። ቲኬት፣ ቪዛ፣ የትርጉም ክፍያ፣ ሰነድ ለማረጋገጥ አዲስ አበባ መመላለስ፣ እዚያ ማደር። ይህ ተደምሮ አንድ ላም የሸጠ ቤተሰብ አውቃለሁ። አገር ውስጥም ቢሆን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን በኩል በተለይ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የከፈተው ዕድል አለ። ክፍላችሁ ውስጥ የሚመለከተው ልጅ ካለ ንገሩት፤ እሱ ላይሰማ ይችላል።

ስለ ደላላ አጭር ልበል። «አስጨርስልሃለሁ፣ ቅድሚያ ክፈል» የሚል ሰው ከመጣ ሻይ ጋብዙትና ሸኙት። ቅጹን የሚሞላው ለሁሉም አንድ ዓይነት ድርሰት እየገለበጠ ነው፤ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ፤ የሁለት ልጅ ድርሰት ላይ አያትየው በአንድ ቀን ሞተዋል። የአሜሪካ ኮሌጆች የማመልከቻ ክፍያ ካስቸገራችሁ፣ ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት ኮመን አፕ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ክፍያው እንዲነሣላችሁ መጠየቂያ አለ። ኮሌጁንም በጨዋ ኢሜይል ብትጠይቁት አያፍርባችሁም። ኤጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ምክር ደግሞ በነጻ ነው።

አሁን የእኔ ሙያ ወደሆነው ልምጣ፣ ወደ ደብዳቤው። «ትጉህ፣ ጨዋና ታዛዥ ተማሪ ነው።» ይህን ለሺህ ልጅ ጽፈነዋል፤ እኔም ጽፌያለሁ፣ አፍራለሁ። ማንም አያነበውም። መምህራችሁ ሌላ ነገር እንዲጽፍ ከፈለጋችሁ ሌላ ነገር ስጡት፤ ጊዜም ስጡት፣ ቢያንስ ሦስት ሳምንት። አንድ ጊዜ ስለ ፓሲቭ ቮይስ አስተምሬ ግማሹ ክፍል አልገባውም። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ተነሥቶ ለጓደኞቹ ማስረዳት ጀመረ። በአማርኛ ጀመረ፣ በኦሮምኛ ቀጠለ፣ መጨረሻ በመስኮቱ በኩል ላሉት በሶማልኛ ደገመው። ለእኛ ለድሬ ሰዎች ይህ ብርቅ አይደለም፤ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ሻጯም ታደርገዋለች። ለውጭ ሰው ግን ብርቅ ነው። ደብዳቤውን ሙሉውን ስለዚያች አሥር ደቂቃ ጻፍኩት። «ታዛዥ» የሚለውን ቃል አንዴም አላስገባሁም። ደግሞም ታዛዥ አልነበረም።

እዚሁ የምትቀሩትም አብሽሩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት የምንለው ራሱ እርዳታ ነው። ስትገቡ ውል ትፈርማላችሁ፣ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ትከፍላላችሁ። ውሉን ግን ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ኮፒውንም ያዙ። ከቤታችሁ እየተመላለሳችሁ የምትማሩ ከሆነ ኖን ካፌ፣ ማለትም ግቢው ካፌ የማይመገብ ተማሪ፣ ስለመሆን ጠይቁ። የግል ኮሌጆችም ጥሩ ማርክ ላለው ተማሪ ክፍያ የሚያነሡበት ጊዜ አለ፤ ሬጅስትራሩን ሄዳችሁ በቃል ጠይቁ፣ ማስታወቂያ አትጠብቁ። ከዲግሪ በኋላ ለማስተርስ የሚገኘው ስኮላርሺፕ ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከሚገኘው ይሰፋል። ጃንዋሪን ጥር ብላ ቀኑ ያለፈባት ያቺ ልጅ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተመረቀች።

ባለፈው ማክሰኞ በሬ ተንኳኳ። እሷ ነች። ፌስታል አልያዘችም፤ በክላሰር ነው የመጣችው፣ እያንዳንዱ ወረቀት በፕላስቲክ ገብቶ። ለማስተርስ ደብዳቤ እንድጽፍላት ነው።

«መቼ ነው የሚዘጋው?» አልኳት።

«በእኛ ነው በእነሱ?» አለችና ሳቀች።