ጦሳ ላይ በጉም የጠፋ ልጅ ከየት ይፈለጋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ባለፈው ነሐሴ የ11 ዓመቱ የአክስቴ ልጅ በግ ጠፋብኝ ብሎ ጦሳ ተራራ ወጣና ጉም ዋጠው። ዝናቡ ዶፍ ነበር። ቅሬው (የሰፈሩ እድር) በሙሉ ወጥቶ ሌሊቱን ሲጣራ አደረ። ጠዋት ቁጥቋጦ ስር ተኮራምቶ ተገኘ፤ አሁን ደህና ነው። ግን ሹራቡን አውልቆ ጥሎታል! ሰፈሩ «ጅን ነው ያስወለቀው» እያለ እስካሁን ያወራል። ደግሞ በአጠገቡ አልፈን፣ ስንጠራው እየሰማ ዝም ብሎን ነበር። ምን ሆኖ ነው? እንዲህ ሲያጋጥምስ ፍለጋው ከየት ይጀመራል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተገኘላችሁ። ከጅኑ ልጀምር፣ ልጁ ላይ ስም ሆኖ እንዳይቀርበት። ሹራቡን ያስወለቀው ብርዱ ራሱ ነው። የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ35 ከወረደ አደጋ ነው። ሰውነት መጀመሪያ ቆዳ አጠገብ ያሉትን የደም ስሮች አጥብቦ ሙቀቱን ለልብና ለሌላው የውስጥ አካል ያስቀራል። ብርዱ ሲብስ ግን ስሮቹ ይደክሙና ይለቃሉ፣ ደሙ ባንዴ ወደ ቆዳ ይወጣል፣ እና በብርድ ሊሞት የደረሰው ሰው የተቃጠለ ይመስለዋል። አእምሮውም ደንዝዟልና ልብሱን ያወልቃል። ጠባብ ቦታ ፈልጎ መወሸቁም የዚያው የብርዱ ሥራ ነው። በረዶ አገር በክረምት የጠፋ ሰው የሚፈልጉ ይህን ስለሚያውቁ፣ ራቁቱን የተገኘን ሰው ተዘርፏል ብለው አይቸኩሉም።

እኛ ጋ መች በረዶ ተቆልሎ ያውቃል እንዳትይኝ። እርጥብ ልብስና ንፋስ ካለ 10 ዲግሪ ላይም ሰው ይሞታል። ደሴ ራሷ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጦሳ ከዚያም በላይ ነው፣ በየ1000 ሜትሩ ደግሞ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከኮምቦልቻ በሸሚዝ መጥቶ የሚንዘፈዘፍ ዘመድ የሌለው ደሴዬ የለም መቼም።

ዝም ያለው ፈርቶ ነው። በጉ ጠፍቶበታል፣ ዱላ ይጠብቀዋል፣ በዚያ ጨለማ ደግሞ የማያውቀው ጎረምሳ ሁሉ ስሙን እየጠራ ይጮኻል። ማን አቤት ይላል? የጠፉ ልጆች ከፈላጊ መደበቃቸው በየአገሩ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ የሚጣራው እናቱ ወይም የሚወደው ሰው ይሁን፤ «በጉ ተገኝቷል፣ ማንም አይቆጣህም» ይባል፣ ባይገኝም። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ጸጥ ብሎ አንድ ደቂቃ ያዳምጥ። የኛ ሰው ሲፈልግ ይጮኻል እንጂ አይሰማም።

ፍለጋው መጨረሻ ከታየበት ቦታ ይጀመራል። ሰፈሩ ሁሉ ሳይረግጠው ጭቃው ላይ ዱካ ካለ ይታይ። መንገዱን የሚያውቁ እረኞች ይቅደሙ፣ ፖሊስ ይነገረው፣ ሲነጋ ይመጣል ተብሎ አይጠበቅ። አንድ ሰው ቤት ይቅር፣ ልጁ በራሱ ቢመለስ እንኳን የሚነግራችሁ እንዲኖር። በየቁጥቋጦው ስር ጎንበስ ብሎ ማየት ግድ ነው፤ ባትሪ ከሩቅ ማብራት ብቻውን አይበቃም። ጉም እያለ ገደል ዳር ሰው አትላኩ፣ ሌላ ፍለጋ ይመጣባችኋል።

ሲገኝ እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ በደረቅ ጋቢ ወይም ቡልኮ ጠቅልሉት፣ ራሱንም ሸፍኑት። እጅ እግሩን አትሹት፣ እሳት ላይም አታስጠጉት። አረቄ የሚባል ነገር እንዳይቀርብ፤ ስሮቹን ከፍቶ የቀረውን ሙቀት ያስወጣል። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣ። በቀስታ ተሸክማችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ቢደርቅ፣ ትንፋሽ የሌለው ቢመስል እንኳን ሞቷል አትበሉ። እኤአ በ1999 ኖርዌይ ውስጥ አና ቦገንሆልም የምትባል ሐኪም በረዶ በጋገረበት ውሃ ውስጥ ተይዛ የሰውነቷ ሙቀት እስከ 13.7 ዲግሪ ወርዶ ድናለች።

ለመጪው ክረምት ልጁ ማዳበሪያ ወይም ላስቲክ ሳይደርብ አይውጣ። ጉም ከያዘው ካለበት አይንቀሳቀስ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ያፏጭ። ፉጨቱን ከአሁኑ ቤት ውስጥ ይለማመድ፣ ጎረቤት ትንሽ ይታገሰው።