ትከሻው የተያዘ ፈረስ፦ ስለ አኩፓንክቸር ነጥቦች ለደረሱኝ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በቅርቡ ከአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከሱሉልታ፣ ከሆለታ፣ ከለገጣፎና ከሰበታ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ የሚመለከቱ ናቸው፤ ይኸውም የፊት እግሩና ትከሻው የተያዘበትን ፈረስ በአኩፓንክቸር፣ ማለትም በተወሰኑ የገላ ነጥቦች ላይ ቀጭን መርፌ በመትከል ወይም እነዚያኑ ነጥቦች በጣት በመጫን፣ ማስታገስ ይቻል እንደሆነ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

«ፈረሴ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እህልና ሲሚንቶ በጋሪ ያመላልሳል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ጠዋት ሲነሣ የቀኝ ፊት እግሩ እርምጃ ያጥራል፤ ትከሻውን ስነካው ይሸሻል። የሚጫኑ ነጥቦች እንዳሉ ሰምቻለሁና የት የት እንደሆኑ ይንገሩኝ።» ባለጋሪ፣ ከሱሉልታ

ነጥቦቹን እነግርዎታለሁ፤ ነገር ግን አስቀድመው የፈረስዎን ሰኮና አንሥተው እንዲያዩልኝ እለምንዎታለሁ። በፊት እግሩ የሚያነክስ ፈረስ ሲመጣ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየን ትከሻውን ነው፤ ሕመሙ የሚገኘው ግን በአብዛኛው ከጉልበት በታች፣ በተለይም በሰኮናው ውስጥ ነው። በሰኮናው ሥር የተሸጎጠ ጠጠር፣ የተወጋ ምስማር ወይም መግል የቋጠረ ቦታ ካለ ፈረሱ ያን እግር ላለማሳረፍ ሲል ትከሻውን ያከርረዋል፤ በዚህ ጊዜ ትከሻውን ቢያሹት ለጥቂት ሰዓት ይላላ ይሆናል እንጂ ሕመሙ አይነቀልም። የትኛው እግር እንደታመመ ለማወቅ ደግሞ ሰው በደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ ፈረሱን በሶምሶማ ይዞት ይሩጥ፤ እርስዎ ከፊት ሆነው ራሱን ይመልከቱ። የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል።

ሰኮናው ንጹሕ ሆኖ፣ ሙቀትም እብጠትም ከሌለው ወደ ትከሻው እንምጣ። የሰው ትከሻ ከደረቱ ጋር በአጥንት ይያያዛል፤ ፈረስ ግን ይህ አጥንት ስለሌለው የፊት እግሮቹ ከገላው ጋር የተያያዙት በጡንቻና በጅማት ብቻ ነው። ቆሞ ሳለ ከክብደቱ 60 በመቶ የሚጠጋው በእነዚህ እግሮች ላይ ያርፋል። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ በዚህ ላይ የጭነቱን ግፊት በደረቱና በትከሻው ስለሚቀበል፣ ጡንቻዎቹ ያለ ዕረፍት ተወጥረው ይውላሉ።

ነጥቦቹ የሚጠሩት በቻይናውያኑ ሕክምና በገላ ላይ ያልፋሉ በሚባሉ መስመሮች ስም ሲሆን፣ ቁጥሩ የነጥቡን ተራ ያሳያል። ለእጅ ምቹ ከሆኑት ነጥቦች የመጀመሪያው «ሐሞት ከረጢት 21» የሚባለው ሲሆን የሚገኘው አንገት ከትከሻ በሚገናኝበት መስመር ላይ፣ በትከሻው ሰፊ አጥንት የፊት ጠርዝ መካከለኛ ቦታ ነው። እጅዎን ከኮርቻ መቀመጫው ፊት ካለው ጉብታ አንሥተው በአጥንቱ ጠርዝ እየዳሰሱ ወደ ደረቱ ቢወርዱ ግማሽ መንገድ ላይ ያገኙታል፤ በአንገቱም በትከሻውም ለሚመጣ ውጥረት ያገለግላል። ሁለተኛው «ትንሹ አንጀት 9» ነው። የትከሻው መገጣጠሚያ ከፊት ጎልቶ ይታያል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሲሄዱ ከትልቁ የክንድ ጡንቻ በፊት ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ቦታ አለ፣ ነጥቡ እዚያ ነው። ለትከሻና ለፊት እግር ሕመም ሐኪሞች አብዝተው የሚመርጡት ይህንን ነው፤ እኔም ከሁሉ አስቀድሜ እጄን የማሳርፈው በዚሁ ላይ ነው። ከመገጣጠሚያው ፊት ለፊት ያለው ጎድጓዳ ደግሞ «ትልቁ አንጀት 15» ይባላል። ወደ ታች ሲወርዱ፣ እግሩ ሲታጠፍ ከክርኑ ፊት በሚፈጠረው እጥፋት ውጨኛ ጫፍ ላይ «ትልቁ አንጀት 11»፣ ከዚያም ጥቂት ዝቅ ብሎ በሁለት ጡንቻዎች መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ «ትልቁ አንጀት 10» ይገኛሉ፤ እነዚህ እግሩ ወደ ፊት መዘርጋት ሲያቅተው ይጠቅማሉ።

አጫጫኑ ከቦታው ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈረሱ ከጋሪው ተፈትቶ፣ ውሃ ጠጥቶና ላቡ ደርቆ፣ በሚያምነው ሰው እጅ በላላ ገመድ ተይዞ ይቁም። መጀመሪያ በመዳፍዎ ከአንገቱ እስከ ክርኑ በጠጉሩ አቅጣጫ ደጋግመው ይዳብሱት፤ ጡንቻው ሲሞቅ አውራ ጣትዎን በነጥቡ ላይ አሳርፈው ቀስ በቀስ ግፊቱን ይጨምሩ፤ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ያህል ይዘው እንዲሁ ቀስ ብለው ይልቀቁ። ልክ መሆንዎን የሚነግርዎ ፈረሱ ራሱ ነው። ራሱን ዝቅ ካደረገ፣ የታችኛው ከንፈሩ ከተንጠለጠለ፣ ካዛጋ ወይም አፉን ከላሰና ካኘከ፣ ጡንቻው እየላላ ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛ፣ ጭራውን ካወናጨፈ ወይም ቆዳው ከተንቀጠቀጠ ግፊትዎ በዝቷል፤ ወይም የነኩት የታመመ ቦታ ነውና ያቁሙ። ሁለቱንም ጎን ይሥሩለት፤ ጤነኛው እግር የታመመውን ሸክም ተሸክሞ ስለሚውል እርሱም ይደክማል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል።

ይህን ሁሉ አድርገው በማግሥቱ ያንኑ የማይመጥን ጠፍር ካሠሩት ግን ልፋትዎ ከንቱ ነው። በደረቱ ላይ የሚያልፈው ጠፍር ከትከሻው መገጣጠሚያ በላይ፣ ከጉሮሮው ቱቦ ደግሞ በታች መዋል አለበት፤ ዝቅ ካለ በእያንዳንዱ እርምጃ ትከሻውን ያግዳል፣ ከፍ ካለም ትንፋሹን ያንቃል። ጠፍሩ ሰፊና በውስጥ በኩል ለስላሳ ጨርቅ የተሸፈነ ይሁን። የጋሪው ጎማ አየር የጎደለው እንደሆነ ጭነቱ ባይጨምርም ጉተታው ስለሚከብድ፣ ጠዋት ጠዋት ጎማውን መፈተሽ ትከሻውን እንደ ማሸት ይቆጠራል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሲሚንቶውን ይተዉለት፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላዩ ሐኪም ይየው።

«ጣት ብቻ ከሚሆን መርፌውን ራሴ ብተክልስ? ለመድኃኒት መውጊያ የሚሆን መርፌ እዚሁ ይሸጣል።» ከሰበታ

እባክዎ አያድርጉት። የአኩፓንክቸር መርፌ ውስጡ ክፍት ያልሆነ፣ ሥጋን ሳይቆርጥ ገፍቶ የሚገባ እጅግ ቀጭን መርፌ ነው፤ የመድኃኒት መውጊያው ግን ጫፉ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። የትከሻው ነጥቦች ከመገጣጠሚያ አጠገብ ስለሆኑ ቆሻሻ መርፌ ወደ መገጣጠሚያው ቢገባ ፈረሱን ዕድሜ ልኩን ሊያሽመደምደው ይችላል፤ ከትከሻው ኋላ በጎድን አጥንቶች መካከል በጥልቀት የገባ መርፌም ሳንባን ሊነካ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ በብዛት የምናየው፣ በሊምፍ ሥሮች ላይ እንደ መቁጠሪያ ተከታትሎ እባጭና ቁስል የሚያወጣው የፈንገስ በሽታ ነው። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በቆዳ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል ስለሆነ፣ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው የሚዘዋወር መርፌ በሽታውን ተሸክሞ ይዞራል። ቴታነስም በዚሁ መንገድ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የእንስሳት አኩፓንክቸር ማኅበር ሥልጠናውን ለእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ለይቶ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ለባለቤት የሚፈቀደው ጣት ነው።

«አባቴ ፈረስ ሲያነክስ ትከሻውን በጋለ ብረት ይተኩስ ነበር፤ ይሻለውም ነበር። የቻይናው መርፌ ከዚህ በምን ይበልጣል? ማስረጃስ አለው?» ከሆለታ

ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ ሁለቱ ልማዶችም እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ይቀራረባሉ። የጥንት ቻይናውያን የፈረስ ሐኪሞች በነጥቦቹ ላይ መርፌ ብቻ ሳይሆን ደም ማፍሰስንና መተኮስንም ይጠቀሙ ነበር። ዛሬ በሥዕል የምናያቸው ብዙዎቹ ነጥቦች ደግሞ ከሰው ገላ ወደ ፈረስ የተዛወሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለዚህም ነው ፈረስ ሐሞት ከረጢት የሌለው እንስሳ ሆኖ ሳለ «ሐሞት ከረጢት 21» የሚባል ነጥብ የተሰጠው፤ ስሙ የመስመሩ መጠሪያ እንጂ የታመመው የሆድ ዕቃ ነው ማለት አይደለም።

በማስረጃ በኩል እውነቱን መናገር ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 በእንስሳት አኩፓንክቸር ላይ የተሠሩ ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ፣ ሕክምናውን ለመምከርም ሆነ ለመንቀፍ የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም፤ ተስፋ የሚሰጡ ውጤቶች ግን መኖራቸውን አመልክቷል። መርፌው ነርቮችን ሲቀሰቅስ ገላው የራሱን የሕመም ማስታገሻ እንደሚያመነጭ ይታወቃል። ስለዚህ አኩፓንክቸርን እኔ የምይዘው እንደ ረዳት ነው፤ ምርመራን፣ ዕረፍትንና የሰኮና እንክብካቤን አይተካም።

ስለ መተኮስ ግን ሐሳቤ የማያወላውል ነው። አባትዎ ፈረሱን የተኮሱት ጨክነው ሳይሆን አዝነውለት መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ የተተኮሰ ፈረስ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ጋሪ አይጎትትም፤ ያዳነውም ያ ዕረፍት ነው። ተመሳሳዩን ዕረፍት ያለ እሳት ቢሰጡት ሕመሙም፣ ጠባሳውም፣ ዝንብ የሚከተለው ቁስልም ይቀርለታል። በሥራ ዘመኔ የተተኮሰ ትከሻ አይቼ ሰኮናውን ሳነሣ ምስማር ያገኘሁባቸው ቀናት አሉ፤ እነዚያን ፈረሶች እስከ ዛሬ አልረሳቸውም።

«ፈረሴ የመጋለቢያ ነው። ኮርቻ ስጭነው ጆሮውን ያስተኛል፣ ቁልቁለት ላይም እርምጃውን ያሳጥራል። ትከሻውን ስጫንለት ለአንድ ቀን ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለሳል።» ከለገጣፎ

መልሱን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፤ በእጅዎ ያላሉትን ኮርቻው በማግሥቱ ይመልሰዋል። ፈረስ የፊት እግሩን ሲዘረጋ የትከሻው ሰፊ አጥንት የላይኛው ጫፍ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ኮርቻው እዚያ ላይ ከተቀመጠ በእያንዳንዱ እርምጃ አጥንቱ ከኮርቻው ጋር ይጋጫል። የአጥንቱን የኋላ ጠርዝ በእጅዎ ይፈልጉና ኮርቻው ከእርሱ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ወደ ኋላ መቀመጡን ያረጋግጡ። ካወረዱ በኋላም የላቡን ምልክት ይመልከቱ፤ ዙሪያው ርሶ ሳለ መካከሉ ላይ ደርቆ የቀረ ቦታ ኮርቻው አብዝቶ የተጫነውን ሥፍራ ሊያመለክትዎ ይችላል። ከግልቢያ በኋላ ገላው ሙቅ ሳለ የፊት እግሩን ከጉልበቱ በላይ ደግፈው ዝቅ ባለ ከፍታ ወደ ፊት ይዘርጉለት፤ አይጎትቱት፣ እርሱ ራሱ እስኪለቅልዎ ይጠብቁ እንጂ።

«ባዝራዬ ያረገዘች ናት። ትከሻዋን መጫን ይቻላል?» ከሰንዳፋ

በመዳፍ መዳበስ አይጎዳትም። ነጥቦችን ግን ያለ ሐኪም አይጫኑ፤ በተለይም ከጉልበት በታች በውስጥ በኩል ያለውን «ትልቁ አንጀት 4»ን የዘርፉ ሐኪሞች በእርግዝና ጊዜ አይነኩትም።

«ጋሼ፣ የአጎቴ ፈረስ ትናንት ማታ ገመዱን በጥሶ የገብስ ጆንያ ውስጥ ገብቶ አደረ። ዛሬ ሁለቱም የፊት እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀዋል፣ መራመድ አይፈልግም። የትኛውን ነጥብ ልጫንለት?» ከሰበታ

ወንድሜ፣ ለዚህ ጥያቄ በዚያው ዕለት በስልክ መልሼልሃለሁ፤ ሌሎችም እንዲያውቁት ግን እዚህ እደግመዋለሁ። ምንም ነጥብ አትጫን። ብዙ እህል በአንድ ጊዜ የበላ ፈረስ በሰኮናው ውስጥ አጥንቱን ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ሊቆጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ አዙሮ፣ የፊቶቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ይቆማል፣ ሰኮናው ይሞቃል፣ ከሰኮናው በላይ ያለው የደም ሥርም በኃይል ይመታል። ትከሻው የተያዘ የሚመስለው ሰኮናውን ላለማሳረፍ ሲታገል ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ አጥንቱ ከቦታው ሊላቀቅ ስለሚችል ሐኪም የሚጠራው ዛሬውኑ ነው። መላ ገላው ደርቆ፣ ጆሮው ተገትሮ፣ የዓይኑ የውስጥ ሽፋን ወደ ፊት እየወጣ ከሆነ ደግሞ ቴታነስን አስብ፤ እርሱም ለነገ የሚባል አይደለም።

ሐኪሙ እስኪደርስ ድረስ እህሉን በሙሉ አርቅ፤ ንጹሕ ውሃ ብቻ አጠገቡ ይሁን። ጭድ ወፍራም አድርገህ አንጥፍለት፤ ሁለቱንም ሰኮናዎች እስከ ቁርጭምጭሚቱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁመው፤ በረዶ ከተገኘም ጨምርበት። ይላላለታል ብለህ አታራምደው፤ ወደ ክሊኒክም በእግሩ አትንዳው፤ ሐኪሙን ወደ በረቱ አምጣው።