በመቀነት ላይ የሚንጠለጠል ጥበብ፦ ስለ ጃፓን ኔትሱኬ ከአንባቢ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ነው። ለብዙ ዓመታት ስንከባከባቸው የነበሩ አንዲት አዛውንት ከማረፋቸው በፊት ሁለት ትንንሽ የጃፓን ቅርጻ ቅርጾች ሰጥተውኛል። አንዱ ከእንጨት የተሠራ አይጥ ሲሆን፣ ሌላው ከዝሆን ጥርስ የተሠራ የሚመስል የተኛ በሬ ነው። ሁለቱም ከሥራቸው ሁለት ሁለት ቀዳዳ አላቸው፤ በበሬው ሆድ ሥር ደግሞ የጃፓን ጽሕፈት ተቀርጾበታል። ምንድን ናቸው? እውነተኛ መሆናቸውንስ በምን ላውቅ እችላለሁ? በሬውን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልልክለት ስላሰብሁ ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ በእጅዎ ያሉት ጃፓኖች ኔትሱኬ የሚሏቸው ቅርጾች ይመስላሉ፤ ቀዳዳዎቹን ልብ ማለትዎም ወደ ዋናው ነገር አድርሶዎታል። በኤዶ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 ድረስ፣ ጃፓኖች ይለብሱት የነበረው ኪሞኖ ኪስ አልነበረውም። እናቶቻችን ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ እንደሚቋጥሩ ሁሉ የጃፓን ወንዶችም ዕቃቸውን የሚይዙት በመቀነታቸው ነበር፤ ልዩነቱ ሳይቋጥሩ ማንጠልጠላቸው ነው። የመድኃኒት ሣጥን፣ የትንባሆ ከረጢት ወይም የፒፓ ማኅደር የታሰረበት ክር በመቀነቱ ሥር ወደ ላይ ያልፍና፣ በክሩ ጫፍ ያለው ኔትሱኬ ከመቀነቱ በላይ ተቀምጦ ዕቃው እንዳይወድቅ ይይዘዋል። እንግዲህ ኔትሱኬ ጌጥ ከመሆኑ በፊት መያዣ ነው፤ እኔም ማንኛውንም ኔትሱኬ ስመለከት አስቀድሜ የምጠይቀው ይህን አገልግሎት በእርግጥ ሰጥቶ እንደሆነ ነው።

ለአገልግሎት የተሠራ ኔትሱኬ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ልብስ የሚቧጭር ወይም በቀላሉ የሚሰበር ሹል ነገር የማይወጣው ነው፤ የበሬው እግሮች ከሆዱ ሥር መታጠፋቸው፣ የአይጡም ጅራት በሰውነቱ ዙሪያ መጠምጠሙ ከዚህ የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ቀዳዳዎች አንዱ ሰፋ ይላል፤ የክሩ ቋጠሮ የሚደበቀው እዚያ ነውና። ክር ለረጅም ዓመታት የተመላለሰበት ቀዳዳ ጠርዙ ይለሰልሳል፤ እጅና ልብስ የሚነካው ጎን ሲያብረቀርቅ ጎድጎድ ያለው ሥፍራ ግን የመሣሪያውን ጭረት እንደያዘ ይቀራል። ለማስመሰል የተሠራው ላይ በአንጻሩ እርጅናው ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፤ ቡናማ ቀለሙም በየስንጥቁ ሆን ተብሎ የፈሰሰ መሆኑ ያስታውቃል። የዝሆን ጥርስ በተቆረጠበት ገጽ ላይ እርስ በርስ የሚቆራረጡ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። አጥንት ከሆነ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይኖሩታል፤ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ፕላስቲክ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የመጋጠሚያውን መስመር ይዞ ይገኛል። ይህን ሁሉ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ እንጂ፣ አንዳንዶች እንደሚመክሩት በጋለ መርፌ ወግተው እንዳይፈትኑት አደራ እላለሁ።

በበሬው ሆድ ሥር የተቀረጸው ጽሕፈት የታወቀ ቀራጭ ስም ቢሆን እንኳ ብዙ ተስፋ እንዲሰጥዎ አልፈልግም። የኪዮቶው ቀራጭ ቶሞታዳ በተለይ በበሬ ቅርጾቹ የታወቀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1781 በኦሳካ ከ50 በላይ ቀራጮችን ዘርዝሮ የታተመው ሶኬን ኪሾ የተባለ መጽሐፍም ያኔውኑ የቶሞታዳን ሥራዎች ብዙ ሰዎች እያስመሰሉ እንደሚሠሩ ጽፏል። ስለዚህ የእሱ ስም ያለበት በሬ ሁሉ የእሱ አይደለም፤ ስም ያልተጻፈበት ኔትሱኬም የታላቅ ጠቢብ እጅ ሥራ ሊሆን ይችላል።

አይጡ ከእንጨት በመሆኑ ብቻ እንዳይንቁት እለምንዎታለሁ። ትሱጌ የተባለው የጃፓን እንጨት ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ የአይጥን ጠጉር አንድ በአንድ ለመቅረጽ ይመቻል፤ በእጅ ሲያዝ ኖሮ የሚያገኘው የማር መልክም በምንም ቀለም አይተካም። በታካያማ ከተማ የነበረው ቀራጭ ሱኬናጋ ደግሞ ኢቺ የተባለውን እንጨት ቀለም ሳይቀባ እየቀረጸ ስም አትርፏል። እኔ ከሁለቱ ምረጥ ብባል፣ በጥንቃቄ የተሠራውን የእንጨት አይጥ ከብዙ የዝሆን ጥርስ ሥራዎች አስበልጬ እወስዳለሁ። ከ1868 በኋላ ጃፓኖች የአውሮፓ ልብስና ሲጋራ ሲለምዱ የኔትሱኬ አገልግሎት እየቀረ ሄደ፤ ቀራጮቹም ለውጭ አገር ገዢዎች መሥራት ስለጀመሩ፣ ከዚያ ወዲህ ከወጡት የዝሆን ጥርስ ቅርጾች መካከል መቀነት ነክተው የማያውቁ ብዙ ናቸው።

በሬውን ወደ አዲስ አበባ መላኩን ይተዉት። የዝሆን ጥርስ፣ ጥንታዊም ቢሆን፣ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይቲስ ስምምነት መሠረት ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ መቃጠሉን ያስታውሱ ይሆናል። ለመሸጥ ካሰቡም፣ አሜሪካ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ንግዱን እጅግ ያጠበበች በመሆኑ ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልግዎታል፤ እንደ ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ደግሞ ከዚህ የጠበቀ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለ ዝሆኖቹ ስል ይህ ጥብቅነት ተገቢ ነው እላለሁ። ለወንድምዎ አይጡን ይላኩለት፤ አዛውንቷ የጻፉልዎ ወይም የተዉልዎ ወረቀት ካለም ከበሬው ጋር ያኑሩት።

ሁለቱንም ከፀሐይና ከማሞቂያ ያርቁ፤ የዝሆን ጥርስ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። በውኃም አይጠቡ፤ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ባልቲሞር ያለው የዎልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ብዙ ኔትሱኬዎች ስላሉት፣ በአካል ሄደው በማየት ቀዳዳቸውንና የለሰለሰ ጠርዛቸውን ከእርስዎ ቅርጾች ጋር ቢያስተያዩ መልካም ነው።