ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ለምትመለሱ፦ የኮቪድ ምርመራ ጥያቄና መልስ (የታኅሣሥ 2014 ውይይት ነው፤ እዚህ የተነገረው የምርመራ ደንብ በሰኔ 2014 ተነሥቷል)

አወያይ፦ አሜሪካ ከኅዳር 27 ጀምሮ ደንቧን አጥብቃለች። የተከተበም ያልተከተበም መንገደኛ በሚሳፈርበት ቀን ወይም በዋዜማው ናሙና ሰጥቶ ከቫይረሱ ነፃ መሆኑን ማሳየት አለበት። ለገና የገባችሁ ብዙ ናችሁና፣ ዕድሜያቸውን በላቦራቶሪ ያሳለፉት ጋሼ ይመልሱላችኋል።

ዳላስ፦ በረራዬ ሐሙስ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። መቼ ልመርመር?

ጋሼ፦ ቲኬትዎን አውጥተው ይዩ፤ የሚለው ዓርብ ነው። እኛ ሳይነጋ ቀኑ ተለወጠ አንልም፤ ለአየር መንገድ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲያልፍ ዓርብ ገብቷል። ስለዚህ ናሙናዎን ሐሙስ በፈለጉት ሰዓት ይስጡ። 24 ሰዓት ብላችሁ አትቁጠሩ፤ የሚቆጠረው ቀን ነው። እሱም ናሙና የሰጣችሁበት እንጂ ውጤት የወጣበት አይደለም።

እናት ዓለም፦ ከሦስት ሳምንት በፊት ታምሜ ድኛለሁ። አሁንም ፒሲአር ፖዘቲቭ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

ጋሼ፦ ይህ ነው ጥያቄ! ፒሲአር የቫይረሱን የዘር ቅንጣት በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ያባዛል፤ አንዷ ቅንጣት በ30 ዙር ከአንድ ቢሊዮን በላይ ትሆናለች። ስለዚህ የሞተው ቫይረስ ስብርባሪ አፍንጫዎ ውስጥ ቢቀር እንኳ ያገኘዋል፤ ከዳኑ ከሳምንታት በኋላም «አለ» ሊል ይችላል። የአንቲጅን ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው። ምንም ስለማያባዛ ቫይረሱ በርከት ሲል ነው የሚያየው። አሜሪካ ሁለቱንም ትቀበላለች፤ ሰው ግን ፒሲአር ካልሆነ አይሆንም እያለ ገንዘቡን ይጨርሳል። ለእርስዎ ግን የተሻለ መንገድ አለ፦ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ የወጣ ፖዘቲቭ ውጤትዎንና መጓዝ እንደሚችሉ የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ይያዙ። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። ትኩሳት ወይም ሳል ካለብዎት ግን ሁሉንም ትተው ይረፉ።

የቦሌ ልጅ፦ ፓስፖርቴ አሜሪካዊ ነው። አገሬ እንዳልገባ ማን ይከለክለኛል?

ጋሼ፦ አየር መንገዱ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ዜጋን መከልከል ግን በሕግ ያስጠይቃል።

የቦሌ ልጅ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

አዳነች፦ ሻንጣ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ከመሟገት አፍንጫን ማስነካት ይቀላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ መብት እንዲህ ነው የሚጠፋው፣ እህቴ።

ጋሼ፦ ክርክሩን ሌላ ቦታ ጨርሱት። ይልቅ ማንም ያልጠየቀኝን ልንገራችሁ። በላቦራቶሪው እንግዳ መቀበያ ላይ ስማችሁ የሚጻፈው በጆሮ ተሰምቶ ነው፤ አያት ይቀራል፣ በፓስፖርቱ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይለወጣል። የልደት ዘመን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ይገባና በ1983 የተወለደ ሰው 1975 ተብሎ ይወጣል። ፓስፖርታችሁን ከፍታችሁ ስጧቸው፤ ወረቀቱንም ከመውጣታችሁ በፊት ቆማችሁ አንብቡ። ስም፣ የልደት ቀን ወይም የፓስፖርት ቁጥር፣ የምርመራው ዓይነት፣ ናሙና የተወሰደበት ቀን፣ የላቦራቶሪው ስም፣ ውጤቱ።

ዳላስ፦ ረቡዕ ማታ ብሰጥስ? ለሐሙስ ይጠጋል።

ጋሼ፦ ይጠጋል እንጂ ሐሙስ አይደለም። ቀን ነው የሚቆጠረው ብያለሁ!

መንገደኛ፦ ሳይመረምር ወረቀት የሚሰጥ ሰው ተገኝቷል። ያስኬዳል?

ጋሼ፦ እንዲህ ያለውን እኔ ዘንድ አታምጡ። ስትሳፈሩ የምትፈርሙት ቃል አለ፤ በሐሰት መፈረም በአሜሪካ ሕግ ያስቀጣል።

አዳነች፦ ከአሜሪካ ይዤው የመጣሁት የቤት መመርመሪያስ?

ጋሼ፦ ከአምራቹ ጋር የሚሠራ ባለሙያ በቪዲዮ እያየዎት ከተመረመሩና ማረጋገጫ ከላከልዎት ይሆናል። ብቻዎን ተመርምረው ፎቶ ቢያነሡት ግን ማንም አያይልዎትም። ኢንተርኔቱ መሐል ላይ ቢቋረጥስ? እኔ አልመክርም።

ሚኒሶታ፦ በፍራንክፈርት በኩል ነው የምሄደው። ልጄ አንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው።

ጋሼ፦ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይጠየቅም። እርስዎ ጉዞው በአንድ ቲኬት ከተቆረጠና ፍራንክፈርት ከ24 ሰዓት በላይ ካልቆዩ ከአዲስ አበባ በሚነሡበት ቀን ይቆጥራሉ። ለየብቻ ከተቆረጠ ግን ከፍራንክፈርት በሚነሡበት ነው።

ወለላ፦ ዋጋው ስንት ነው? የትስ ይረክሳል?

ጋሼ፦ ደውለው ይጠይቋቸው።