የጳጉሜን እሳት፣ የኅዳር ሚዛን

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነኝ፤ ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና ንግድ ድርጅት መዝጋቢ ሆኜ እሠራለሁ። ያደግሁት በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። በጳጉሜን የአጥቢያችን ወጣቶች ከከተማ ወጣ ብለን ሪትሪት አድርገን ነበር። ስልካችንን አስረክበን ጠዋት በጥሞና፣ ቀን በትምህርት፣ ማታ በጸሎት ቆየን። በመጨረሻው ሌሊት አምርሬ አለቀስኩ፤ የሐዘን ልቅሶ ግን አልነበረም። እግዚአብሔር እንደዚያ ቀርቦኝ አያውቅም። ስመለስ በየቀኑ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቼ ልጸልይ፣ መጽሐፍ ቅዱስንም በአንድ ዓመት ልጨርስ ቃል ገባሁ።

አዲሱ ዓመት ገባ፤ በጥቅምት ቡናው ደረሰ። አሁን በጅማ ዙሪያ ካሉት ከየቡ እና ከሰቃ የሚመጡትን ገበሬዎች ስናስተናግድ ይመሻል። ቅዳሜም ስለምንሠራ ከወጣቶች ኅብረት ቀርቻለሁ። ሌሊት ማንቂያው ይጮኻል፤ አጥፍቼው እተኛለሁ። ንባቤ ዘሌዋውያን ላይ ቆሟል። ስንበረከክ አፌ ይናገራል፣ ልቤ ግን የለም። በሥራ ቦታም የማይመቹ ነገሮች አሉ፤ ለምሳሌ ከእያንዳንዱ ማዳበሪያ ለከረጢቱ ተብሎ ሁለት ኪሎ ቀንሼ እንድጽፍ ታዝዣለሁ፤ የትም ቤት እንዲህ ነው ይሉኛል። አብራኝ የምትሠራው ሙስሊም ጓደኛዬ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ሶላቷን ሰግዳ ስትመለስ ሳያት እቀናለሁ።

እዚያ የተሰማኝ ሁሉ የመዝሙርና የብዙ ሰው ሙቀት ብቻ ነበር? ወይስ እኔ ነኝ የቀዘቀዝኩት? የሚቀጥለውን ሪትሪት መጠበቅ ነው ያለብኝ? እናቴን የማስተዳድረው እኔ ስለሆንኩ ሥራዬን መተው አልችልም።

ስሜ ይቆይ፣ ከጅማ

መልስ

እህቴ፣ አስቀድሜ «ለምሳሌ» ብለሽ ስላለፍሽው ነገር ልናገር፤ የደብዳቤሽ ልብ እዚያ ይመስለኛልና። ገበሬው ቡናውን የሚያመጣበት ማዳበሪያ ባዶውን ቢመዘን አንድ ኪሎ አይሞላም። ሁለት ኪሎ ሲቀነስ ልዩነቱ የገበሬው ቡና ነው፤ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት የዓመት ድካሙ። ቁጥሩን የምትጽፈው ደግሞ ያንቺ እጅ ናት። ቀን ይህን ጽፈሽ ማታ ስትንበረከኪ ልብሽ እምቢ ቢልሽ፣ እኔ ልብሽ ሞቷል አልልም። የሞተ ልብ እንዲህ አያስጨንቅም።

ነቢዩ አሞጽ (8፥5) የሚወቅሳቸው ነጋዴዎች በዓሉንና ሰንበቱን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ሐሳባቸው ግን ገበያው የሚከፈትበት ሰዓት ላይ ነው፤ ሲከፈትም መስፈሪያው ያንሳል፣ ሚዛኑ ያታልላል። ንባብሽ የቆመበት ዘሌዋውያንም ምዕራፍ 19 ላይ ስትደርሺ እውነተኛ ሚዛን ይኑራችሁ ይላል። አንቺ የታዘዝሽ ሠራተኛ እንጂ የድርጅቱ ባለቤት አይደለሽም፤ የጥፋቱ ትልቁ ድርሻ ያንቺ አይደለም። ያንቺ የሆነው ድርሻ ግን ስለ አነሰ ዝም የሚባል አይደለም።

ሥራሽን ልቀቂ አልልሽም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት፣ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው እንጂ ቀራጭነቱን ተዉ አላላቸውም። ስለዚህ ገበያተኛ በሌለበት ሰዓት አሠሪሽን ለብቻው አነጋግሪው። አትክሰሺው፤ መፍትሔ ይዘሽ ሂጂ። አሥር ባዶ ማዳበሪያ በአንድነት ተመዝኖ ለአሥር ይካፈልና የሚገኘው ብቻ ይቀነስ በይው። ገበሬ ሚዛኑ የታመነበትን ቤት ያውቃል፤ ለጎረቤቱም ይነግራል፤ ይህ ለነጋዴ ኪሳራ አይደለም። እምቢ ካለ ከሚዛን መዝገቡ ወደ ሌላ ሥራ እንዲያዛውርሽ ጠይቂ። ያም ካልሆነ ደመወዝሽን ሳታቋርጪ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሪ። አሠሪሽ ዘንድ ከመሄድሽ በፊት ግን ከምታምኚያቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ለአንዱ ሁሉንም ንገሪ። የእናትሽን ጉሮሮ የያዘ ሰው ይህን ብቻውን መሸከም የለበትም።

ወደ ሪትሪቱ ልምጣ። ያ ሌሊት ሐሰት አልነበረም። መዝሙሩም የሰዉም ብዛት ረድቶሻል፤ ስልክ አለመኖሩ፣ ምግብ ሠርተሽ አለማቅረብሽ፣ ማንም አለማዘዙም እንዲሁ። እግዚአብሔር በእነዚህ ቢጠቀም ምን ነውር አለው? ስሕተቱ ያለው የዚያን ሌሊት ስሜት የእምነት መለኪያ በማድረግ ላይ ነው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ሲወርድ አይቶ፣ ብዙም ሳይቆይ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። እግዚአብሔር ሌላ እሳት አላወረደለትም፤ አልገሠጸውምም። እንዲተኛ ተወው፤ መልአኩ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ዳግመኛም ቀሰቀሰውና አበላው። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው መለሰው፤ ኤልሳዕንም ባልንጀራ ሰጠው። እንቅልፍ፣ እህል፣ ሥራ፣ ባልንጀራ። ለደከመ አማኝ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም።

ስለዚህ የአሥር ሰዓቱን ማንቂያ አጥፊው። እስኪመሽ ስትሠራ ውላ ሌሊት አሥር ሰዓት ልነሣ ብላ የተሳለች ልጅ ከጉልበቷ በላይ ተስላለች፤ ቃሏን ባፈረሰች ቁጥር ደግሞ ኀፍረቷ ከእግዚአብሔር ያርቃታል። በዚያ ፈንታ ጠዋት ከቤት ሳትወጪ አንድ መዝሙረ ዳዊት ድምፅሽን አሰምተሽ አንብቢ። 150 ናቸው፤ ቀን ባትዘልዪ በአምስት ወር ትጨርሻቸዋለሽ፤ ብትዘልዪም ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። በጓደኛሽ መቅናትሽንም ወደድኩት። እርሷ ልቧ እስኪሞቅ አትጠብቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ትነሣለች። ዳንኤልም በቤተ መንግሥት ሥራ ተጠምዶ ሳለ በቤቱ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። ጓደኛሽ ለቀትር ሶላት ስትነሣ አንቺም መዝገቡን ዝጊና ጸልዪ። ከጠዋት ጀምሮ ሚዛን ላይ የቆሙትን ሰዎች ፊት እያስታወስሽ ስለ እነርሱ ጸልዪ። የጸሎትሽ ጉዳይ ያኔ እዚያው ከመጋዘንሽ ይገኛል።

ቅዳሜን ማጣትሽ ግን ያሳስበኛል፤ ብቻውን የሚቆይ እምነት ጥቂት ነውና። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር። አማኞች ጥቂት በጥቂት ሆነው በየቤቱ፣ መዝሙሩን በለሆሳስ እያሉ፣ እስከ 1983 ዓ.ም. ቆዩ። ድምፅ ማጉያ አልነበራቸውም፤ የወጣቶች ኮንፈረንስም አልነበራቸውም። በአጥቢያሽ ያንን ዘመን ያሳለፉ እናቶችና አባቶች ካሉ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አብረሻቸው ቡና ጠጪና እንዴት እንደኖሩ ጠይቂያቸው። ከእኔ ምክር ይልቅ የእነርሱ ወሬ ይጠቅምሻል። ከዚያ በሰፈርሽ ካሉት፣ ሪትሪት አብረውሽ ከነበሩት ሁለት ሴቶች ፈልጊ። በሳምንት አንድ ማታ በአንዳችሁ ቤት ተገናኙ፤ የሳምንቱን እውነት ተነጋገሩ፤ ጸልዩና ተለያዩ። ስለ ሚዛኑም ንገሪያቸው። አንዷ ከአሠሪሽ ጋር በምትነጋገሪበት ሰዓት ልትጾምልሽ ትችላለች።

የሚቀጥለው ሪትሪት ሲመጣ ሂጂ፤ ዕረፍት ነው፤ ያስፈልግሻል። አዘጋጆቹን ግን ከአሁኑ አነጋግሪያቸው። የመጨረሻው ማታ በልቅሶ አልቆ ጠዋት አውቶቡስ ላይ መሳፈር ለወጣቱ አይበቃውም። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ለሥራ ይስጡ፤ በሱቅ፣ በባንክ፣ በሆስፒታል፣ በመጋዘን የሚሠሩት እንዳንቺ ያለውን ፈተናቸውን በግልጽ ይናገሩ። በየሰፈሩ የሚኖሩትም ከመለያየታቸው በፊት የሚገናኙበትን ቤትና ቀን ይወስኑ። ይህን ሐሳብ ለማቅረብ ከአንቺ የተሻለ ሰው ያላቸው አይመስለኝም።